ፋትስ ዶሚኖና የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሙዚቃ አነሣሥ

መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንማር አንድ መጽሐፍ በማን እንደ ተደረሰ፣ በምን ዘመን እንደ ታተመ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ደራስያንም ምን እንዳወረሱት እንጠይቃለን። ነገሩ ሙዚቃ ሲሆን ግን ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ዘፈኑ ደስ ካለን እንጨፍርበታለን፤ ደስ ካላለን እንዘጋዋለን። ማን እንደ ሠራው፣ ገንዘቡ ለማን እንደ ገባ፣ ስሙስ ለማን እንደ ቀረ አንመረምርም። በዚህ ጽሑፍ የአንድ ሰው ሕይወት ይዘን ይህን ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን። ሰውየው አንትዋን ዶሚኖ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን «ፋትስ»፣ ወፍራሙ ማለት ነው፣ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። የኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወላጅ፣ ፒያኖ መቺ፣ ዘፋኝና የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበረ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ስለ ስያሜው ጥቂት ቃል

«ሪትም ኤንድ ብሉዝ» የሚለውን ስም ያወጣው ሙዚቀኛ ሳይሆን የንግድ መጽሔት ነው። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ንግድ መጽሔት ጥቁር አሜሪካውያን የሚገዟቸውን ሸክላዎች «የዘር ሸክላዎች» በሚል ርእስ ለብቻ ይዘረዝር ነበር። ይህ ስያሜ አሳፋሪ እየሆነ ስለ ሄደ በጁን 1949 ቀርቶ በምትኩ «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» የሚለው ተተካ። ሐሳቡን ያቀረበው በዚያን ጊዜ የመጽሔቱ ሠራተኛ የነበረው፣ በኋላም ስመ ጥር የሸክላ አዘጋጅ የሆነው ጄሪ ዌክስለር ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ስሙ ቢለወጥም ዝርዝሩ የሚያመለክተው የገዢውን ዘር ነበረ። ስለዚህ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ ሙዚቀኛ ከድንበሩ ወጥቶ በጠቅላላው የሕዝብ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ረዥም መንገድ መጓዝ ነበረበት።

ስለ ሙዚቃው ራሱ ስንናገር ደግሞ ሦስት ምንጮች እናገኛለን። አንደኛው በአሥራ ሁለት መስመር የሚለካው የብሉዝ ዜማ ነው። ሁለተኛው ግራ እጅ ሳያቋርጥ የሚመታበት ቡጊ ዉጊ የተባለው የፒያኖ ስልት ነው። ሦስተኛው የጃዝ ኦርኬስትራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ሰው የያዘ ኦርኬስትራ ከከተማ ወደ ከተማ ማዘዋወር ወጪው ከባድ ሆነ። ስለዚህ ስድስት ሰባት ሰው ያለበት አነስተኛ ጓድ እየበዛ ሄደ፤ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ባስ፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ከበሮ፣ ሁለት ሦስት ሳክስፎንና ትራምፔት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የምቱ ኃይል መጨመር ነበረበት። ፋትስ ዶሚኖ የተገኘው በዚህ የሽግግር ጊዜ ነው።

ልደቱና የሙዚቃ ትምህርቱ

ዶሚኖ በፌብሩዋሪ 26 ቀን 1928 በኒው ኦርሊንስ ተወለደ። ለወላጆቹ የስምንት ልጆች መጨረሻ ነበረ። ቤተሰቡ ከሉዊዚያና ገጠር የመጣ፣ የፈረንሳይኛ ክሪዮል የሚናገር ሕዝብ ወገን ነው፤ አባቱም ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ሰፈራቸው የከተማው ዝቅተኛ ክፍል የሆነው የታችኛው ዘጠነኛ ቀበሌ ነው። ሰፈሩ ድኻ፣ መሬቱም ለጎርፍ የተጋለጠ ነበረ። ይህን የሰፈሩን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ዕድሜው ወደ አሥር ዓመት ሲጠጋ ወደ ቤታቸው አንድ አሮጌ ፒያኖ ገባ። የእኅቱ ባል ሃሪሰን ቬሬት ባንጆና ጊታር የሚጫወት የጃዝ ሙዚቀኛ ነበረና በፒያኖው ቁልፎች ላይ የኖታዎቹን ስም እየጻፈ ልጁን አስተማረው። ከዚህ በኋላ መምህሩ ሸክላ ነበረ። እንደ ሚድ ሉክስ ሉዊስና አልበርት አሞንስ ያሉትን የቡጊ ዉጊ ሊቃውንት፣ ቀጥሎም አሞስ ሚልበርንን እያዳመጠ ይቀዳቸው ነበር። ትምህርት ቤቱን ቀድሞ ስለ ተወ የበረዶ አከፋፋይ ረዳት ሆነ፤ የአልጋ ሽቦ በሚሠራበት ፋብሪካም አገልግሏል።

በ1947 ቢሊ ዳይመንድ የተባለ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሰምቶት ሃይድአዌይ በተባለው የምሽት ክበብ እንዲጫወት ወሰደው። ደመወዙ በሳምንት ሦስት ዶላር እንደ ነበረ ይነገራል። «ፋትስ» የሚለውንም ስም ያወጣለት ዳይመንድ ነው። ይህም ስለ ወፍራምነቱ ብቻ አልነበረም፤ ፋትስ ዎለርና ፋትስ ፒሾን የተባሉ ሁለት የታወቁ ፒያኖ መቺዎች ስለ ነበሩ የእነርሱ ወራሽ ይሁን በማለት ጭምር ነው።

ያች ጠባብ ክፍል

በ1949 ሉ ቸድ የተባለ የሎስ አንጀለስ ነጋዴ ኢምፔሪያል ለተባለው የሸክላ ኩባንያው አዲስ ዘፋኝ ፍለጋ ኒው ኦርሊንስ ነበረ። መሪው የከተማው ትራምፔት ተጫዋች ዴቭ ባርቶሎሚዩ ነው። ባርቶሎሚዩ በ1918 የተወለደ፣ በጦርነቱ ጊዜ በሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሲያገለግል ሙዚቃ ማቀነባበርን የተማረ፣ ሥርዓት ወዳድ ሰው ነበረ። ሁለቱ ሃይድአዌይ ገብተው ዶሚኖን ሰሙትና ወዲያው አስፈረሙት።

በዲሴምበር 10 ቀን 1949 ወደ ቀረጻ ገቡ። ቦታው በራምፓርት መንገድ ላይ ኮዚሞ ማታሳ የተባለ ወጣት ከሸክላ መሸጫ ሱቅ ጀርባ ያዘጋጃት ጠባብ ክፍል ነው። ድምፅን ለየብቻ ቀርጾ በኋላ ማዋሐድ የሚባል ነገር በዚያ አልነበረም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጫወታል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዱ መሣሪያ ጎልቶ እንዲሰማ ከተፈለገ ተጫዋቹ ወደ ማይክሮፎኑ ይጠጋል፤ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ ይርቃል። ስለዚህ በሸክላው ላይ የምንሰማው ሚዛን የሰዎቹ አቋቋም ውጤት ነው።

ከዚያን ቀን ሥራዎች አንዱ «ዘ ፋት ማን» የተባለው ነው። የዜማው መሠረት ሻምፒዮን ጃክ ዱፕሪ የተባለው የኒው ኦርሊንስ ፒያኖ መቺ ቀደም ብሎ በሸክላ ያስቀረጸው፣ ስለ ዕፅ ሱሰኞች የሚናገረው «ጀንከር ብሉዝ» ነው። ዶሚኖና ባርቶሎሚዩ ግጥሙን ለውጠው ዘፋኙ ስለ ራሱ ውፍረት እየቀለደ የሚያስተዋውቅበት አደረጉት። በመካከሉ ዶሚኖ ቃል ትቶ አፉ ታፍኖ እንደሚነፋ ትራምፔት በቀጭን ድምፅ ያዜማል። ከበሮ መቺው ኧርል ፓልመር ደግሞ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ከመነሻ እስከ መድረሻ አጥብቆ ይመታል። ሸክላው በ1950 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ዝርዝር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሸክላ የሮክ ኤንድ ሮል መጀመሪያ ነው ይላሉ። ሌሎች የሮይ ብራውንን የ1947 ዘፈን ያስቀድማሉ፤ ሌሎችም በ1951 የተቀረጸውን «ሮኬት 88» ይመርጣሉ። እንደ እኛ አስተያየት ወንዝ አንድ ምንጭ ብቻ እንዲኖረው መፈለግ አይገባም። ነገር ግን «ሮኬት 88» ለጉዳያችን የሚጠቅም ምስክር ነው። ጓዱን የመራውና ፒያኖውን የመታው አይክ ተርነር ሲሆን ሸክላው የወጣው በዘፋኙ በጃኪ ብሬንስተን ስም ነው። በዚያ ዘመን የሠሪውና የተጠሪው ስም መለያየቱ የተለመደ እንደ ነበረ ከዚህ እናያለን።

ሦስት በአንድ ምት

ዶሚኖን ከሌሎች ፒያኖ መቺዎች የሚለየው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። አንባቢ በእግሩ አራት እኩል ምት ይምታ። እግሩ አንድ ጊዜ መሬት በነካ ቁጥር በቀኝ እጁ ጣት ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ በእኩል ፍጥነት ይምታ። በአንድ መስመር አሥራ ሁለት የጣት ምት አገኘ ማለት ነው። የዶሚኖ ቀኝ እጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያውም በአንድ ጣት ሳይሆን ሙሉውን ኮርድ ይዞ ነው። ግራ እጁ ደግሞ ከሥር ሰፋ ያለውን የቡጊ እርምጃ ይሄዳል።

ስልቱን ከባዶ አልፈጠረውም። ከእርሱ ቀደም ብሎ ሊትል ዊሊ ሊትልፊልድ የተባለ ወጣት ፒያኖ መቺ ተጠቅሞበት ነበር። ዶሚኖ በ1950 ባወጣው «ኤቭሪ ናይት አባውት ዚስ ታይም» ላይ ያዘውና ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም። የእርሱ ድርሻ ስልቱን የዘፈን ሁሉ ምሰሶ ማድረጉ ነው። ሦስቱ ምቶች ሳያቋርጡ ስለሚንከባለሉ ዘፋኙ ሳይቸኩል ረጋ ብሎ መዝፈን ይችላል፤ ጨፋሪው ግን አይቆምም። ኀዘን ያለበት ግጥም እንኳ በዚህ ምት ላይ ሲቀመጥ ፈገግታ ያሳያል። የዶሚኖ ድምፅም ክብ፣ ለስላሳና የኒው ኦርሊንስ ክሪዮል አነጋገር የተጫነው ስለ ሆነ ከምቱ ጋር ይስማማል።

የቀረው የባርቶሎሚዩ ቅንብር ነው። ባርቶሎሚዩ ከኩባ የሩምባ ሙዚቃ የባሱን አካሄድ ወስዶ ባሱ፣ ጊታሩና ሳክስፎኑ አንዱን መስመር አብረው እንዲጫወቱ አደረገ። ሦስት መሣሪያ አንድ ቃል ሲናገር መስመሩ እንደ ግድግዳ ይጸናል። ኸርብ ሃርደስቲ በቴነር ሳክስፎኑ በመካከል ገብቶ ዜማውን ይደግማል እንጂ በረቀቀ ፈጠራ አድማጩን አያሳስትም። በ1957 በወጣው «አይም ዎኪን» ላይ ፓልመር የመታው ከበሮ ደግሞ የኒው ኦርሊንስ የመንገድ ሰልፍ ከበሮ ነው። በዚያ ከተማ ሬሳ ሲሸኝ የማርሽ ሙዚቃ እየተጫወተ ይኼዳል፤ ከቀብር መልስ ግን ሕዝቡ ከኋላ ተከትሎ ይጨፍራል። እንግዲህ አንድ የሁለት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ የኩባ ባሕር፣ የሰልፍ መንገድና የምሽት ክበብ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የጓዱ ልጆች ለዶሚኖ ብቻ አልሠሩም። በ1952 ሎይድ ፕራይስ «ሎዲ ሚስ ክሎዲ»ን ሲያስቀርጽ ጓዱ የባርቶሎሚዩ፣ ፒያኖ መቺውም ራሱ ዶሚኖ ነበረ። በ1955 ሊትል ሪቻርድ «ቱቲ ፍሩቲ»ን በዚያው በማታሳ ስቱዲዮ ሲያስቀርጽ ከበሮውን የመታው ፓልመር ነው።

ዘፈኑ የማን ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሰናል። በ1955 ዶሚኖ ከባርቶሎሚዩ ጋር የደረሰውን «ኤይንት ዛት ኤ ሼም» አወጣ። በሪትም ኤንድ ብሉዝ ዝርዝር አሥራ አንድ ሳምንት አንደኛ ሆነ። በጠቅላላው የሕዝብ ዝርዝር ግን አሥረኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ፓት ቡን የተባለ ነጭ ወጣት ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን ወዲያው አስቀርጾ በዚያው ዝርዝር አንደኛ ወጣ። ቡን ራሱ እንደ ተናገረው የርእሱ ሰዋስው የተማረ ሰው አነጋገር ስላልመሰለው ሊያቃናው አስቦ ነበር፤ ሲሞክረው ግን አልሆነለትም።

የዚህ አሠራር ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች የጥቁር ዘፋኝ ሸክላ አያሰሙም ነበር። ኩባንያዎቹም ይህን አይተው ዘፈኑን በነጭ ዘፋኝ እያስደገሙ ይሸጡት ጀመር። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት መብት ለይተን ማየት ይገባናል። አንደኛው የደራሲ መብት ነው። ዜማውንና ግጥሙን የደረሰ ሰው፣ ሌላው ሰው ዘፍኖት በተሸጠ ቁጥር ድርሻውን ያገኛል። ስለዚህ ከቡን ሸክላ ዶሚኖና ባርቶሎሚዩ እንደ ደራሲነታቸው ተጠቅመዋል። ሁለተኛው ግን ሕግ ያልጠበቀው ነገር ነው፤ የአጨዋወት ስልት፣ የምቱ አጣጣል፣ የሳክስፎኑ መልስ። ይህን ማንም ቢወስደው ለባለቤቱ የሚከፍለው የለም። ፓልመርና ሃርደስቲ የተቀጠሩት በቀረጻ ሒሳብ ነው። ሸክላው ሺህ ቢሸጥም ሚሊዮን ቢሸጥም ለእነርሱ የሚደርሰው የዚያን ቀን ክፍያ ብቻ ነበረ።

ሆኖም ታሪኩ በመነጠቅ ብቻ አያልቅም። ሕዝቡ ውሎ አድሮ ዋናውን መጠየቅ ጀመረ። በ1956 ዶሚኖ በ1940 የወጣውንና በግሌን ሚለር ኦርኬስትራ የታወቀውን «ብሉቤሪ ሂል» በራሱ ሦስት ምት ለውጦ ሲያቀርበው በጠቅላላው ዝርዝር ሁለተኛ ሆነ። ከ1955 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ ዘፈኖቹ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ደረጃዎች ገብተዋል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው እርሱ ደግሞ የሌላውን ዘፈን ወስዶ የራሱ ማድረጉ ነው። እንግዲህ መውሰድ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሙዚቃ ሁሉ ከሌላ ይወስዳል። ነውሩ ለአንዱ በሩ ተከፍቶ ለሌላው ሲዘጋ ነው።

አዳራሹ

የዶሚኖ ጓድ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ላይ ነበረ። በደቡብ ክፍላተ አገር ባሉ አዳራሾች ነጭና ጥቁር ተመልካች ለየብቻ ይቀመጥ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ በመካከላቸው ገመድ ይዘረጋል። የዶሚኖ የራሱ አገር ሉዊዚያና በ1956 ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጨፍሩና በስፖርት እንዳይወዳደሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ይህም በኋላ በፍርድ ቤት ተሽሯል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በኖርዝ ካሮላይና ፌይትቪል ከተማ ዶሚኖ ሲጫወት ጠብ ተነሥቶ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኰሰ። ዶሚኖም በመስኮት ዘሎ እንዳመለጠ ተጽፏል።

ዶሚኖ የፖለቲካ ንግግር የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ ዓይን አፋርና ጥቂት ተናጋሪ ነበረ። ስለዚህ አንዳንዶች ስለ ጥቁሮች መብት የሠራው የለም ይሉታል። ይህ ግን ችኩል ፍርድ ይመስለናል። ሕጉ አብራችሁ አትጨፍሩ ሲል አንድ ሙዚቃ ሁለቱን ወገን በአንድ ቤት ከሰበሰበ፣ ገመዱም በጭፈራው መካከል ከወደቀ፣ ሙዚቀኛው ሳይናገር ተናግሯል። እርግጥ ነው ገመዱን ለዘለቄታው የቆረጡት በፍርድ ቤትና በአደባባይ የተጋደሉት ናቸው፤ የእነርሱን ዋጋ ለዘፋኝ መስጠት አይገባም።

ከዝና በኋላ

በ1963 ዶሚኖ ኢምፔሪያልን ትቶ ወደ ኤቢሲ ፓራማውንት ተዛወረ። አዲሱ ኩባንያ በናሽቪል በሌላ አዘጋጅ እጅ ያስቀርጸው ጀመር። ያው ድምፅ፣ ያው ፒያኖ ሆኖ ሳለ የቀድሞው ኃይል አልተገኘም። ይህም የባርቶሎሚዩና የጓዱ ድርሻ ምን ያህል እንደ ነበረ በተግባር የሚያሳይ ፈተና ነው። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዞቹ ቢትልስ አሜሪካ ገቡና የሕዝቡ ጆሮ ወደ እነርሱ ዞረ። ሆኖም እነርሱ ራሳቸው ተማሪዎቹ ነበሩ፤ በ1968 ያወጡት «ሌዲ ማዶና» በዶሚኖ የፒያኖ ስልት የተቃኘ ነው። ዶሚኖም በዚያው ዓመት መልሶ ዘፈነው። በካሪቢያን ባሕር ደግሞ የጃማይካ ወጣቶች የኒው ኦርሊንስን ሸክላ እየሰሙ ስካ የተባለውን ሙዚቃ ሲያበጁ እንደ «ቢ ማይ ጌስት» ያሉት የዶሚኖ ዘፈኖች በምሳሌነት አገልግለዋቸዋል። ኤልቪስ ፕሪስሊም በ1969 በላስ ቬጋስ ለጋዜጠኞች ሲናገር እውነተኛው የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ ዶሚኖ ነው ብሎ መስክሮለታል።

ሀብት ካገኘ በኋላ ዶሚኖ ከሰፈሩ አልወጣም። ትልቅ ቤት የሠራው በዚያው በታችኛው ዘጠነኛ ቀበሌ ነው። በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳይ ተሸለመ። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ባለቤቱ ታማ ስለ ነበረ ከቤቱ አልወጣም። የመከላከያ ግድቡ ተደርምሶ ሰፈሩ በውኃ ተጥለቀለቀ። ለጥቂት ቀናት ወሬው ስለ ጠፋ ሞቷል ተብሎ በቤቱ ግድግዳ ላይ የስንብት ቃል ተጻፈበት፤ በኋላ ግን ከነቤተሰቡ ከውኃው መትረፉ ታወቀ። ፒያኖዎቹና ሜዳዩ ጠፉ። ሜዳዩን በ2006 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ተክተውለታል፤ ከውኃ የወጣው ነጭ ፒያኖውም ተጠግኖ በሉዊዚያና ሙዚየም ታይቷል። ዶሚኖ በኦክቶበር 24 ቀን 2017 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ባርቶሎሚዩም በ2019 መቶ ዓመት ሞልቶት ተከተለው።

ማጠቃለያ

ስለ ስምና ስለ ዋጋ ያነሣነውን ጥያቄ በጥቂት ዓመታት ቁጥር መመለስ ይቻላል። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ዶሚኖን የመረጠው በመጀመሪያው ዙር በ1986 ነው። ያቀነባበረው ባርቶሎሚዩ የገባው በ1991፣ ከበሮውን የመታው ፓልመር በ2000፣ ክፍሉን ያዘጋጀው ማታሳ በ2012 ነው። ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሸክላ ላይ የሠሩ ናቸው። ከዘፋኙ እስከ ቀራጩ ድረስ ምስጋና ለመድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀበት።

ስለዚህ ሙዚቃን እንደ ትምህርት የምናጠና ሁሉ ሸክላ ስንሰማ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ ይኑረን። ዜማው ከማን መጣ? ከዘፋኙ ኋላ የተቀመጡት እነማን ናቸው? የሽያጩ ገንዘብስ ለማን ገባ? የዶሚኖ ታላቅነት በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀንስም። እንዲያውም የጓድ መሪ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚገባን ያን ጊዜ ነው። ሦስቱ ምቶች የእርሱ ናቸው፤ ምቶቹ የሚንከባለሉበትን መንገድ ግን ብዙ እጆች ደልድለውታል። ስማቸውን ማወቅ ደግሞ የአድማጩ ዕዳ ነው።